ስሙ ያልተጠራ በደል

በአሜሪካን አገር ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚሠሩትን ኩባንያዎች ከ1934 ዓመተ ምሕረት ዠምሮ (ዘመኑ ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) አንድ ጥብቅ ደንብ ይገዛቸው ነበር። ደንቡ በሥዕል ምን እንዲታይና ምን እንዳይነገር ይወስናል፤ በሴት ላይ በግድ የሚፈጸመውንም በደል በሩቁ ከማመልከት በቀር ማሳየትን ይከለክላል።

ይህ ደንብ ጸንቶ ሳለ፥ በ1950፥ አይዳ ሉፒኖ «አውትሬጅ» የተባለውን ሥዕል አወጣች፤ ትርጓሜው አስነዋሪ ግፍ እንደ ማለት ነው። እርሷ በ1918 በለንደን ከቴአትር ቤተ ሰብ ተወልዳ በሆሊውድ በተዋናይነት ስም ያገኘች ሴት ናት። ኋላ ግን የሌላ ሰው ድርሰት ከመጫወት የራሷን መሥራት መርጣ፥ ከባሏ ከኮልየር ያንግ ጋራ በጥቂት ገንዘብ ለብቻው የቆመ ኩባንያ አቋቋመች። በዚያ ዘመን በሆሊውድ ሥዕል የምትመራ ሴት እርሷ ብቻ ነበረች ለማለት ይቻላል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አን ዋልተን የምትባል የሒሳብ ጸሓፊ፥ ገና መታጨቷ ነው፥ አንድ ማታ ከሥራ አምሽታ ስትወጣ በመሥሪያ ቤቷ አጠገብ ምግብ የሚሸጥ ሰው ይከተላታል። መንገዱ ባዶ ነው። ትሮጣለች፥ ትሸሸጋለች፥ ትወድቃለች። የመኪና ጡሩምባ ያለማቋረጥ ሲጮኽ ከፎቅ ላይ አንድ ሰው ብቅ ይልና መስኮቱን ይዘጋል። ከዚህ በኋላ የሚኾነው አይታይም።

በቅኔ ቤት ወርቁ በሰም ውስጥ የሚሸሸገው ፈልጎ ያገኘው ሰው ደስ እንዲለው ነው። በዚህ ሥዕል ግን መሸሸጉ ጌጥ አይደለም፤ ደንቡ የዘጋው አፍና ሰውዬው የዘጋው መስኮት አንድ ናቸው። ሉፒኖም የታሰረችበትን ገመድ ለሥራዋ ጕዳይ አደረገችው። ከዚያች ሌሊት በኋላ ቃሉን የሚናገር የለም፤ ጐረቤት ያያታል፥ ባልደረባ ያያታል፥ ዝም ይላል። እጮኛዋ ቶሎ እንጋባ ሲላት እጁ ያስደነግጣታል። ስለዚህ ለማንም ሳትነግር በአውቶቡስ ተሳፍራ ትጠፋለች፤ ስሟንም ለውጣ በካሊፎርኒያ በብርቱካን እርሻ ትሠራለች። በዚያም በበዓል ቀን አንድ ሰው ሊስማት ሲቀርብ የፊተኛውን ሰው ፊት ታያለችና ባገኘችው ብረት ትመታዋለች።

አን በርጅስና ሊንዳ ሆልምስትሮም የተባሉ ሴቶች ሊቃውንት ይህን የነፍስ ቍስል መርምረው ስም የሰጡት በ1974 ነው፤ ሥዕሉ በ24 ዓመት ይቀድማቸዋል።

ነገር ግን ሥዕሉ ያለ ነቀፋ አይደለም። በፍጻሜው ቄሱ፥ ሐኪሙና ዳኛው ስለ እርሷ ይነጋገራሉ፤ እርሷ ግን የምትናገረው ጥቂት ነው። ቄሱ በዳዩን ሳይታከም የቀረ በሽተኛ ነው እያለ ማኅበሩን ይወቅሳል፤ ቃሉ ርኅራኄ አለበት፥ ለስብከት እንኳ ቢኾን ግን ረዝሟል፤ የተበደለችውም በመካከል ትረሳለች።

በ2020 በዋሺንግተን ያለው የምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሥዕሉን ለትውልድ ሊጠበቁ ከሚገባቸው መዝገብ አገባው። ሉፒኖ ግን በ1995 ዐርፋ ነበር።