የእንግሊዝኛ ተመሳሳይ ቃላት ከየት መጡ?

እንግሊዝኛ የምናስተምር መምህራን አዲስ ቃል በሰሌዳ ላይ ስንጽፍ ከጎኑ ተመሳሳዩንና ተቃራኒውን መደርደር ልማዳችን ነው። ተማሪውም ዝርዝሩን በቃሉ ያጠናል። ይሁን እንጂ በድርሰቱ ውስጥ «ጓደኛዬን መንገዱን ጠየቅሁት» ለማለት ፈልጎ «ኢንተሮጌት» የሚለውን ቃል ቢያስገባ፣ ጓደኛውን እንደ ተጠርጣሪ መርማሪ ፊት ያቆመዋል። ስሕተቱ የተማሪው ብቻ አይደለም፤ «አስክ» እና «ኢንተሮጌት» አንድ ናቸው ብለን ያስተማርነው እኛ ነን። ልዩነታቸውን ለመረዳት ወደ ታሪክ መመለስ ያሻል። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እንግሊዝኛ በመሠረቱ የጀርመንኛ ዘመድ ነው። በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በሄስቲንግስ ጦርነት ድል ነሥቶ ከነገሠ በኋላ ግን የቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ቤተ ክህነቱና ሊቃውንቱ በላቲን ይጽፉ ነበር። ገበሬው በእንግሊዝኛው ጸና። በ1362 የፍርድ ቤት ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲካሄድ በሕግ ሲታወጅ፣ ቋንቋው ከፈረንሳይኛ እጅግ ብዙ ቃላት መዋስ ጀምሮ ነበር።

ስለዚህ አንዱ አሳብ ሁለትና ሦስት ስም አገኘ። «አስክ» የጥንቱ የአገሬው ቃል ነው፤ «ኩዌስችን» በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ነው፤ «ኢንተሮጌት» የላቲን ነው። በግ በመስክ ላይ ሳለ በአገሬው ቃል «ሺፕ» ይባላል፤ ሥጋው ማዕድ ላይ ሲቀርብ ግን ከፈረንሳይኛ በመጣው ቃል «መተን» ይባላል። እንግዲህ ተመሳሳይ የምንላቸው ቃላት ትርጉማቸው ቢቀራረብም ማዕረጋቸውና ቦታቸው የተለያየ ነው።

ተመሳሳይ ቃላትን በመሰብሰብ ስሙ የገነነው እንግሊዛዊው ሐኪም ፒተር ማርክ ሮዤ ነው። በ1805 ለራሱ መጠቀሚያ የጀመረውን ዝርዝር በ1852፣ በ73 ዓመቱ፣ አሳትሞ አወጣው። ቃላቱን በፊደል ተራ ሳይሆን በአሳብ መድቦ፣ ተቃራኒ አሳቦችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ፍች ግን አልሰጠም፤ መጽሐፉ ቃሉን እያወቀ ለጊዜው ለጠፋበት ጸሐፊ የተዘጋጀ እንጂ ለጀማሪ አልነበረም። እኛ ዝርዝሩን ብቻ ወስደን ለጀማሪ ስንሰጥ ከዓላማው ውጭ እናውለዋለን።

ነገሩ ለተማሪዎቻችን እንግዳ አይደለም። በአማርኛ «ሞተ» እና «ዐረፈ» ይቀራረባሉ፤ ሆኖም «ውሻው ዐረፈ» የሚል የለም። የ«አሮጌ» ተቃራኒ «አዲስ» ነው፤ የ«ሽማግሌ» ግን «ወጣት» ነው። እንግሊዝኛው ለሁለቱም «ኦልድ» ስለሚል፣ ተቃራኒው ለልብስ «ኒው»፣ ለሰው «ያንግ» ይሆናል።

በ1953 ማይክል ዌስት 2,000 ያህል ተዘውታሪ ቃላትን ባሳተመ ጊዜ የእያንዳንዱን ቃል ልዩ ልዩ ፍችዎች ለይቶ፣ የትኛው ይበልጥ እንደሚዘወተር አመልክቷል። ለእኛም የሚበጀው ይኸው መንገድ ነው። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሃያ ቃላት ከመደርደር ሦስት መርጠን፣ እያንዳንዱን በዓረፍተ ነገር አግብተን፣ ማን ለማን፣ የትና መቼ እንደሚለው እናሳይ። ተማሪው አንዱን ቃል በሌላው ቦታ ተክቶ ዓረፍተ ነገሩ ሲበላሽ በራሱ ካየ፣ ልዩነቱን አይረሳውም።