ከጎንደር የወጡት የጤና መኮንኖች

ዘመናዊው ሕክምና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በቤተ መንግሥት ደጅ ነው። ከውጭ የሚመጡ መልእክተኞችና ሚሲዮናውያን መድኃኒት ይዘው ቢመጡም፣ ፈውሱ ከንጉሡ አዳራሽና ከመኳንንቱ ድንኳን ብዙ ሳይርቅ ኖሮ፣ ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ጓድ ቁስለኞችን ለማከም በመጣ ጊዜ ሰፋ ያለ መልክ ያዘ። በመቅደላ ጦርነት ጊዜ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኰንን ተወስደው በሕንድ አገር ያደጉትና በላሆር ሕክምና የተማሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም የድሉን ዜና ሰምተው ወደ ትውልድ አገራቸው የተመለሱት በዚሁ ዘመን ነው። ቀጥሎ የምኒልክ ሆስፒታል፣ ከዚያም ቤተ ሳይዳ ተሠሩ፤ ሁሉም ግን በርእሰ ከተማይቱ ነበሩ።

ባላገሩ በአንጻሩ ጠበሉን፣ ወጌሻውንና መጽሐፈ መድኃኒት የሚያገላብጠውን ደብተራ ይዞ ኖረ። የደብተራው መድኃኒት ዋጋ ሲኖረው፣ ጠበሉ ግን ንጉሥንም ነዳይንም በአንድ ወራጅ ያጠምቅ ስለ ነበር፣ ፈውስን ለሁሉ በእኩልነት በመስጠት ረገድ ከሆስፒታሉ የቀደመ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1940 ዓ.ም.፣ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ ሲቋቋም ከፊቱ የተደቀነው ችግር የሐኪም ቊጥር ብቻ አልነበረም። በአገሪቱ ከነበሩት ጥቂት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ፣ እነርሱም በአዲስ አበባና በሌሎች ታላላቅ ከተሞች ተሰብስበው ይኖሩ ነበርና፣ በቃሬዛ ተሸክሞ የሁለትና የሦስት ቀን መንገድ የሚሄድ ዘመድ ያላገኘ ድውይ፣ ሆስፒታሉ ቢኖርም እንደሌለ ነበር። ሐኪም አሠልጥኖ ለየአውራጃው ለማዳረስ ብዙ ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ሕመም ግን ዓመታትን አይጠብቅም። በ1940ዎቹ አጋማሽ ከጣና በስተ ሰሜን ባለው የደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ 7 ሺህ ያህል ሰው እንደ ጨረሰ ሲገመት፣ የነገሩ ክብደት ለሁሉ ተገለጠ።

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማእከል የተከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የነጥብ አራት ርዳታ ጋር ተባብሮ ያቋቋመው ይህ ኮሌጅ፣ ሐኪም እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን አንድ ላይ አሠለጠነ፤ እነርሱም የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን ናቸው። አሳቡም ሦስቱ በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው ተመድበው 50 ሺህ ያህል ሕዝብ እንዲያገለግሉ፣ በዙሪያቸውም ድሬሰሮች የተባሉ ረዳት የጤና ሠራተኞች የሚሠሩባቸው ትንንሽ ክሊኒኮች እንዲኖሩ ነበር።

የዚህን ትምህርት ልዩነት ለመረዳት የደንቢያዋን ቆላ ድባ ማሰብ ይበቃል። የኮሌጁ ተማሪዎች ለመስክ ልምምድ በሚወርዱባት በዚያች ጤና ጣቢያ፣ መኮንኑ በካርድ ክፍሉ ደጅ የተኰለኰሉትን ሕሙማን ብቻ አይቶ ሥራዬን ፈጸምሁ ማለት አይችልም ነበር፤ ሳኒተሪያኑ መጸዳጃ ጕድጓድ ያስቈፍራል፣ ከብት የሚረግጠውን ምንጭ ያስከልላል፤ ነርሷ በየቤቱ እየዞረች ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን ትጠይቃለች። በዚህ አሠራር ጤና ጣቢያው የሚጠየቀው ስለ መጡለት ሕሙማን ብቻ ሳይሆን ስላልመጡትም ጭምር ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የጎንደር ታላቅ ሥራ ይህ ነው፤ ሕንጻውና ዲፕሎማው ከዚህ በኋላ ይመጣሉ።

የወባው ነገር ግን በደንቢያ አላበቃም። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በደጋው ጭምር የተዛመተው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰዎችን አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን እንደ ገደለ ተገምቷል። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ጥቂት ምሩቃን ምን ይበቃሉ?

ጉድለቱ ግን ከቊጥር ማነስ ብቻ የመጣ አልነበረም። ጤና ጣቢያዎቹ በአብዛኛው የተሠሩት አውራ ጎዳና በደረሰባቸው ትንንሽ ከተሞች ስለ ሆነ፣ ከመንገድ ርቆ የሚኖረው ገበሬ ቃሬዛውን አላወረደም። መኮንኑም በሰው ዓይን ከሐኪም በታች የሚቈጠር ስለ ነበር፣ ጥቂት የማይባሉት ትምህርታቸውን ቀጥለው ሐኪም ሆኑ፤ ሐኪም የሆነ ሰው ደግሞ ወደ ቆላ ድባ ለመመለስ አይቸኵልም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር በጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ርዳታ የሕክምና ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ የመኮንኖቹ ሥልጠና ተቋረጠ። እንደ ገና የተጀመረውም በ1980ዎቹ ነው። ሐኪም ማውጣቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ የሚነቀፈው ያንኛውን ማቆሙ ነው።

ያልመጡትን የመቍጠሩ ልማድ ግን በሌላ ስፍራ ቀጠለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቡታጅራ አካባቢ 10 ቀበሌዎችን መርጦ፣ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት መመዝገብ ጀመረ። በመንግሥት ዘገባ ግን የጤና ሽፋን ለረጅም ጊዜ የሚለካው ከጤና ድርጅት በ10 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ በሚኖረው ሕዝብ ብዛት ነበር፤ በክረምት የሚሞላው ወንዝ፣ ለካርድና ለመድኃኒት የሚጠየቀው ገንዘብ፣ ነጻ ሕክምና ለማግኘት ከቀበሌ የሚጻፈው የድኽነት ማስረጃ ከዚህ ልክ ውስጥ አይገቡም ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሴቶችን አሠልጥኖ ሲመድብና ቊጥራቸው ከ30 ሺህ ሲያልፍ፣ የጎንደር ነርስና ሳኒተሪያን ሥራ ወደ ደሳሳው ጎጆ ደጅ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ከመጀመሪያዎቹ የጎንደር ምሩቃን በሕይወት ያሉት ዛሬ በዕድሜ የገፉ አረጋውያን ናቸው። እነርሱ፣ ወይም ልጆቻቸው፣ በሣጥን ያኖሩት የመስክ ደብተር፣ የመንደር ካርታ ወይም ፎቶግራፍ ካለ፣ ምስጥ ሳይቀድመን ለዩኒቨርሲቲው ወይም ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት እንዲያስረክቡ እለምናለሁ።