እንቁ ቆጣሪው ማን ነው? ከጎንደር ጠገራ ብር እስከ መተማ ሰሊጥ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ገበያ የደረሰ የውጭ አገር ሰው ብር ስለያዘ ብቻ መግዛት አይችልም ነበር። ብሩ መጀመሪያ ይመረመራል። ሻጩ ያገላብጠዋል፣ የንግሥቲቱን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ እንቁዎች ያያል፣ ከምስሏ ሥር ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ይፈልጋል። ብሩ ከተፋቀ ወይም ምልክቱ ከጎደለ ይመለስለታል። ክርክር የለም።

ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ብሯ ግን ከእሷ በኋላም ያንኑ ምስልና ያንኑ 1780 የሚል ቁጥር ይዞ መታተሙን ቀጠለ። 28 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ከመቶው 83 እጅ ንጹሕ ብር የሆነ ሳንቲም ነው። ቁጥሩ ያልተቀየረበት አንዱ ምክንያት ተቀባዩ ሌላውን እሺ ስላላለ ነው። የቀይ ባሕር ዳርቻና የእኛ ደጋ ገበያተኛ ለቪየና ማተሚያ ቤት ደረጃ አወጣለት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኃያላኑም ለዚህ ደረጃ ተገዝተዋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1867 በቋራው ካሳ፣ በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ስትዘምት በመንገድ እህልና አጋሰስ የምትገዛበት ብር አስፈለጋት። የራሷ ፓውንድ እዚህ አይሠራም፤ ስለዚህ ቪየና ላይ 500,000 ማርያ ቴሬዛ አሳተመች። ጣሊያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1918 ተመሳስሎ የተሠራ የራሷን ብር ለኤርትራ አቀረበች፤ ገበያው አልተቀበላትም። በ1935 ለወረራ ስትዘጋጅ የዋናውን ብር ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ወሰደች። የአፄ ምኒልክ ብር እንኳ የማርያ ቴሬዛን ቦታ ለመውሰድ ብዙ ተቸግሯል።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ቆጠራው ዛሬ ስለተገለበጠ ነው። አሁን የሚመረመረው የእኛ ዕቃ ነው፤ እንቁ ቆጣሪዎቹም ከባሕር ማዶ ናቸው።

ሰሊጥን እንውሰድ። በየዓመቱ ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከወገራ ደጋ ብዙ ወጣት ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳል። ምርቱን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ‹ነጣ ያለ የሁመራ ጎንደር ሰሊጥ› ብሎ ለብቻው ደረጃ ያወጣለታል። ገዢው ግን አንድ አይደለም፤ እያንዳንዱም የሚቆጥረው እንቁ የተለየ ነው።

ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የተለየ ገደብ ላልተቀመጠለት የፀረ ተባይ ቅሪት 0.01 ፒፒኤም የሚል ጣሪያ አስቀምጣለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው ደንብ የኢትዮጵያን ሰሊጥ በሳልሞኔላ ምክንያት ተጨማሪ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ምርቶች ተርታ አስፍሮታል። ቻይና ከጥር 2022 ጀምሮ ምግብ የሚልኩላት የውጭ ድርጅቶች በጉምሩክ መሥሪያ ቤቷ እንዲመዘገቡ ትጠይቃለች፤ የቅባት እህልም በዚያ ውስጥ አለ። ለአንዱ ያለፈ ጭነት ለሌላው ላያልፍ ይችላል። ሦስቱም ሕጎች የሚፈጸሙት ወደብ ላይ ነው። ሳልሞኔላው የሚገባው ግን ነዶው አፈር ላይ ሲደርቅ፣ ያለ ሸራ ሲራገፍ፣ ወፍና አይጥ በሚደርሱበት መጋዘን ሲከማች ነው።

ታዲያ ዕቃው ሲወድቅ ዕዳው የማን ነው? የአውሮፓ ሕግ መልስ አለው። ከውጭ ያስገባው ነጋዴ እንደ አምራች ተቆጥሮ ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ይህ ተጠያቂነት እ.ኤ.አ. በ1999፣ ከእብድ ላም በሽታ ቀውስ በኋላ፣ ላልተቀነባበረ የእርሻ ምርትም ተዘረጋ። ኅብረቱ በ2002 ባወጣው የምግብ ሕግ ደግሞ ማንኛውም የምግብ ነጋዴ ከማን እንደገዛና ለማን እንደሸጠ ማሳየት አለበት። ስለዚህ አስመጪው ራሱን ለመጠበቅ ስጋቱን በውል ወደ ላኪው ይገፋል። ላኪው ወደ አቅራቢው፣ አቅራቢው በዋጋ ቅናሽ ወደ ገበሬው። ደንቡን አይቶት የማያውቀው ሰው ቅጣቱን ይከፍላል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ድክመት መሸፈን አይገባም። ምርት በመጋዘን የሚከማቸው በደረጃ ተደባልቆ ነው፤ ደረጃው ንጽሕናን፣ ቀለምንና እርጥበትን ቢያይም ሳልሞኔላ በዓይን አይታይም። ንጹሑ የእገሌ ጆንያ ከቆሸሸው ጋር ይቀላቀልና የአንዱ ጥፋት የሁሉም ይሆናል። ይህን በቡና አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች፤ ከዋነኛ ገዢዎቻችን አንዷ በሯን ዘጋች። ጥርጣሬው ከቡናው ወደ ተሞላበት ጆንያ ዞረ። ግን የትኛው ጆንያ፣ ከየት የመጣ? የምርት ገበያው ሥራ በጀመረበት በዚያው ዓመት ቡናው እየተደባለቀ ይሸጥ ስለነበር መልሱ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። መነሻው የማይታወቅ ዕቃ ንጹሕነቱን ማስረዳት አይችልም።

የድሮው የጎንደር ነጋዴ ጉልበት ዕውቀቱ ነበር። የሚፈልገው ምልክት የቱ እንደሆነ ያውቃል፤ ያንን የሚያውቅ ደግሞ በገበያው እስከ ታች ድረስ ብዙ ነበር። እርግጥ ያኔም ቢሆን የተፋቀ ብር ይዞ የተመለሰው ባላገር ኪሳራውን ለብቻው ተሸክሟል። የዛሬው ልዩነት ምልክቱ በሩቅ አገር፣ በማናነበው ቋንቋ መጻፉ ነው።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ሸራ፣ ንጹሕ ጆንያና የጆንያ መለያ ቁጥር ከተመለሰ ኮንቴይነር ይረክሳሉ። ናሙና ወደብ ሳይደርስ፣ እዚሁ በአካባቢው ይመርመር። የሦስቱ ገዢዎች መስፈርት በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ውሉም ጥንቃቄ ያደረገውን ገበሬ ካላደረገው ይለየው፤ ያኔ ጥንቃቄ ዋጋ ይኖረዋል።

ይህ ካልሆነ ከደባርቅ ወርዶ በቆላ ፀሐይ የሚያጭደው ልጅ የሰው ዕዳ ሲከፍል ይኖራል፤ ምን አጥፍቶ እንደሆነም የሚነግረው አያገኝም።