የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ልትገዙ ነው? ባትሪውን እና ጎማውን አንድ ላይ አስሉ

ሻጩ «በአንድ ቻርጅ 400 ኪሎሜትር ትሄዳለች» ይላችኋል። ከአዲስ አበባ ባቱ (ዝዋይ) ደርሶ መልስ 320 ኪሎሜትር ገደማ ነው። 80 ኪሎሜትር ይተርፋል፤ ስለዚህ ትበቃለች፣ አይደል?

አትበቃም። ሽንኩርት ጭናችሁ ስትመለሱ ቢሾፍቱ አካባቢ ባትሪው አልቆ ልትቆሙ ትችላላችሁ። ሻጩ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን የእናንተን መንገድ፣ የእናንተን ጭነት እና የእናንተን ጎማ አያውቅም።

በነዳጅ የሚሰሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተሰማ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የቅንጦት ወሬ መሆኑ ቀርቷል። እቁብ አውጥቶ፣ ከቤተሰብ ተበድሮ፣ ከጓደኛ ጋር አዋጥቶ የሥራ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ወጣት ብዙ ነው። ለዚህ ሰው ባትሪ ማሳነስ ማለት መንገድ ላይ መቅረት፣ ባትሪ ማብዛት ደግሞ የማይጠቀምበትን ብር መክፈል ነው። እስቲ አብረን እናስላ።

👉 ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከየት መጣ?

መጀመሪያ አንድ መለኪያ እንያዝ። የባትሪ መጠን የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ነው። የነዳጅ መኪና ላይ «ታንከሩ ስንት ሊትር ይይዛል?» እንደማለት ነው።

መኪናው በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎሜትር እንደሚሄድ የሚፈተንበት መንገድ ደግሞ ከሀገር ሀገር ይለያያል። ቻይና ሲኤልቲሲ በሚባል ፈተና ትለካለች፣ አውሮፓ በደብሊውኤልቲፒ፣ አሜሪካ በኢፒኤ። የቻይናው ፈተና አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ የከተማ መንገድ ማለት ነው። የአውሮፓው 46 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የቻይናው ቁጥር ከሦስቱ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ሲሆን የአሜሪካው ጠበቅ ያለ ነው። ሁለት መኪና ስታወዳድሩ ቁጥሮቹ በአንድ ዓይነት ፈተና የተለኩ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ አለዚያ ብርቱካንን ከሎሚ ጋር እየመዘናችሁ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። የጂሊው ራዳር አርዲ6 ፒክአፕ በ2022 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ ሲወጣ ሦስት የባትሪ አማራጭ ነበረው፦

▪️ 63 ኪሎዋት ሰዓት፦ 400 ኪሎሜትር
▪️ 86 ኪሎዋት ሰዓት፦ 550 ኪሎሜትር
▪️ 100 ኪሎዋት ሰዓት፦ 632 ኪሎሜትር

ሁሉም በሲኤልቲሲ ነው። ባትሪውን ለርቀቱ ስታካፍሉት በ100 ኪሎሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይመጣል። ለባዶ ፒክአፕ፣ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ይህ ይሆናል። አምስት ኩንታል ጭኖ በፈጣን መንገድ ለሚሄድ ግን አይሆንም።

👉 የራሳችሁን መንገድ አስሉ

አዲስ አበባ–ባቱን እንደገና እንየው። ባቱ ከአዲስ አበባ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ስትሄዱ ባዶ ናችሁ፣ መንገዱም በአብዛኛው ወደታች ነው። ስትመለሱ ጭነት አለ፣ ዳገትም አለ። ክፉው ክፍል የሚመጣው ባትሪው ከተጋመሰ በኋላ ነው ማለት ነው።

ለስሌት እንዲመቸን ባዶውን በ100 ኪሎሜትር 20፣ ጭነት ሲኖር 25 ኪሎዋት ሰዓት እንያዝ፦

▪️ መሄጃ 160 ኪሎሜትር፦ 32 ኪሎዋት ሰዓት
▪️ መመለሻ 160 ኪሎሜትር፦ 40 ኪሎዋት ሰዓት
▪️ የ700 ሜትር ዳገት፦ 6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ
▪️ ድምር፦ 78 ኪሎዋት ሰዓት

የዳገቱ ቁጥር በግምት የመጣ አይደለም። አንድ ቶን 1000 ሜትር ወደላይ ለማንሳት 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ከነጭነቱ 3 ቶን የሚመዝን ፒክአፕ 700 ሜትር ሲወጣ 5.7 ይሆናል፤ መንገድ ላይ የሚባክነውን ስትጨምሩ 6 በሉት። በጎጃም መስመር የምትሰሩ ደግሞ የአባይ በረሃን አስቡ፤ ከድልድዩ ወደላይ ያለው አቀበት ከ1000 ሜትር በላይ ስለሆነ ለዳገቱ ብቻ ከ8 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ እንደ ፍሬን እየያዘ ጥቂት ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ግን ከወሰደው ሁሉ አይመልስም። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ቁልቁለት ከጀመራችሁ ደግሞ የሚመለሰውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።

እንግዲህ 78ን ከሦስቱ ባትሪዎች ጋር አስተያዩት። 63ቱ በፍጹም አይበቃም። 86ቱ ይበቃል፤ የሚተርፈው ግን 8 ብቻ ነው። 100ው ያደርሳል፣ ከሃያ በመቶ በላይም ይተርፈዋል።

86ቱን የመረጠ ሰው ቤቱ ይገባል ማለት ነው። ጎማ ካልቀየረ።

👉 ጎማው ስሌቱን የሚያፈርሰው እንዴት ነው?

መኪና ሲታዘዝ ወይም ከገባ በኋላ «ትልቅ ቸርኬ ይግባላት፣ ታምራለች» የሚል አይጠፋም። ማማሯ እውነት ነው። ዋጋው ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም።

የአሜሪካው ሪቪያን አር1ቲ ፒክአፕ መጀመሪያ ሲሸጥ ሦስት የጎማ አማራጭ ነበረው፦ 20፣ 21 እና 22 ኢንች። ኩባንያው ራሱ ለገዢዎች የነገራቸው እንዲህ ነው፦ ከ21 ኢንቹ የአስፋልት ጎማ ጋር ሲነጻጸር 22 ኢንቹ የሚሄደውን ርቀት ከ5 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል፤ 20 ኢንቹ ደግሞ ከ10 እስከ 15 በመቶ።

ልብ በሉ፣ ይበልጥ የጎዳው ትንሹ ነው! ምክንያቱም 20 ኢንቹ ጥርሱ የጎላ የጭቃና የኮረኮንች ጎማ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ኢንች ነው?» ብቻ አይደለም፤ «ምን ዓይነት ጎማ ነው?» የሚለውም ነው።

ሌላም አለ። የ2022 እ.ኤ.አ. ፎርድ ኤፍ 150 ላይትኒንግ በትልቁ ባትሪ 320 ማይል (515 ኪሎሜትር) ይሄዳል ተብሎ ተመዝኗል። ፕላቲነም የሚባለው ውዱ ዓይነት ያው ባትሪ ይዞ፣ ግን ባለ 22 ኢንች ሆኖ እና ብዙ እቃ ተጨምሮበት፣ 300 ማይል (483 ኪሎሜትር) ነው። ልዩነቱ ሁሉ የጎማው አይደለም። ግን ብዙ የከፈለው ሰው ትንሽ ርቀት ነው ያገኘው።

ይህን ወደ ባቱው ጉዞ አምጡት። የጭቃ ጎማው ርቀቱን 10 በመቶ ብቻ ቢቀንስ 78 የነበረው ፍጆታ ወደ 87 ያድጋል። ባትሪው 86 ነው። በሚሊዮን ብር ስሌት የተመረጠውን ባትሪ አራት ጎማ አሸነፈው ማለት ነው።

ታዲያ የጭቃ ጎማ አትግዙ ማለታችን አይደለም። ሥራችሁ ፒስታ መንገድ እና ጭቃ ላይ ከሆነ በባዶ ባትሪ ከመቆም ጭቃ ውስጥ መያዝ አይሻልም። ግን ጎማውን ከባትሪው ጋር አንድ ቀን፣ በአንድ ስሌት ምረጡ።

👉 የጎማውን ቁጥር ማንበብ

ጎማው ጎን ላይ ለምሳሌ 265/65 አር 17 ተብሎ ይጻፋል። 265 በሚሊሜትር ስፋቱ ነው። 65 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። 17 የቸርኬው ኢንች ነው።

አሁን 265/65 አር 17ን ከ265/50 አር 20 ጋር አስተያዩ። ከውጭ ሲታዩ ቁመታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል። ግን በመጀመሪያው ከቸርኬ እስከ አስፋልት 17 ሴንቲሜትር ጎማ አለ፤ በሁለተኛው 13 ብቻ። ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡ ቸርኬውን የሚያድነው ያ ጎማ እና በውስጡ ያለው ንፋስ ነው። ለእኛ መንገድ ትንሽ ቸርኬ ከወፍራም ጎማ ጋር ይሻላል። ዋጋውም ረከስ ይላል፣ ጎሚስታ ቤትም ቶሎ ይገኛል።

ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ የመሸከም አቅሙ ነው። ለምሳሌ 112 ማለት አንድ ጎማ 1120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ፒክአፕ በባትሪው ምክንያት ከባድ ነው፤ ሪቪያን ባዶውን ከ3 ቶን በላይ ይመዝናል። ጎማ ስትቀይሩ ይህ ቁጥር መኪናው ይዞት ከመጣው አይነስ።

ንፋሱንም አትርሱ። ትክክለኛው መጠን ብዙውን ጊዜ የሹፌሩ በር ሲከፈት ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ቻርጅ ይበላል፣ ራሱም ቶሎ ያልቃል።

👉 ትልቁ ባትሪ ሁልጊዜ ይሻላል?

አይደለም። ባትሪ ክብደት ነው። ከ63 ወደ 100 ኪሎዋት ሰዓት ስትወጡ በግምት ሁለት ኩንታል ተኩል ትጨምራላችሁ። ያ ክብደት በየቀኑ አብሯችሁ ይዞራል፤ ከምትጭኑት እቃም ላይ ሊቀንስ ይችላል። ሥራችሁ ከመርካቶ ሳሪስ፣ ከሳሪስ አያት ከሆነ ትንሹ ባትሪ ቀኑን ሙሉ ያሠራችኋል።

ከዚያ በፊት ደግሞ ማታ ቤታችሁ ስንት ትሞላላችሁ? በተራ ሶኬት፣ 220 ቮልት እና 10 አምፔር፣ በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚገባው። አሥር ሰዓት ሙሉ ብትሰኩት 22 ብቻ። 86ቱን ከባዶ ለመሙላት 39 ሰዓት! በየቀኑ ባቱ የምትመላለሱ ከሆነ ትልቅ ባትሪ ገዝታችሁ ግማሹን ሳትሞሉ ትወጣላችሁ። 7 ኪሎዋት ቻርጀር ከተገጠመ ግን በ12 ወይም 13 ሰዓት ይሞላል፤ ለዚያ ደግሞ የቤቱ መስመር 32 አምፔር መቻል አለበት። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ያንንም ጨምሩበት። ስለዚህ መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን፣ ቀጥሎ ሻጭ።

ፍጥነትም አለ። የንፋስ ግፊት ከፍጥነቱ በላይ ነው የሚያድገው፤ በ120 የሚሄድ መኪና በ90 ከሚሄደው 78 በመቶ የበለጠ ግፊት ይገጥመዋል። ሲቀንስ እያያችሁ ከተጨነቃችሁ ፈጣኑ መድኃኒት እግርን ከነዳጅ መስጫው ላይ ማቅለል ነው። (ነዳጅ የለውም፣ ግን ገብቷችኋል።)

👉 ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ

1. ርቀቱ በየትኛው ፈተና ነው የተለካው? በየትኛው ጎማ?
2. ባትሪው ስንት ኪሎዋት ሰዓት ነው? ዓይነቱስ? ኤልኤፍፒ የሚባለው እስከ 100 በመቶ መሞላትን ይችላል፤ ኤንኤምሲ የሚባለው ለዕለት ሥራ 80 በመቶ ላይ ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል። 80 በመቶ ላይ የምታቆሙት 100 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ በሥራ ቀን 80 ነው ማለት ነው።
3. የቻርጅ መሰኪያው የቻይና ነው ወይስ የአውሮፓ? በምትሄዱበት መስመር ያሉት ቻርጀሮች ይገጥማሉ?
4. የባትሪው ዋስትና እዚህ ሀገር በጽሑፍ የሚሰጠው ማን ነው? ውጭ ሀገር ያለ ዋስትና እዚህ ላይሠራ ይችላል።
5. እስኮርታ አለው? ብዙ የኤሌክትሪክ መኪና መለወጫ ጎማ ሳይኖረው መድፈኛ ብቻ ይዞ ይመጣል።

ከዚያ ወረቀት አውጡ። የምትሄዱበትን ረጅሙን መንገድ፣ በከባዱ ጭነት፣ በዳገቱ በኩል ጻፉ። የጎማውን ቅናሽ ጨምሩ። በላዩ ላይ ሃያ በመቶ መጠባበቂያ አስቀምጡ፤ ባትሪ እያረጀ ስለሚሄድ ከሦስት ዓመት በኋላም ያንኑ መንገድ መሄድ አለባችሁ። የወጣው ቁጥር ነው የእናንተ ባትሪ።

ሻጩ ፊት ሳትቆሙ ይህን ስሌት ስልካችሁ ላይ ጨርሱት። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላማ ዓይን ቀድሞ ቸርኬው ላይ ነው የሚያርፈው።