አስታማሚው ሲታመም

«አስታማሚ» የምትለውን ቃል ቆርጣችሁ አይታችኋት ታውቃላችሁ? ከፊቷ «አስ» የሚለውን ብታነሡላት የሚቀረው «ታማሚ» ነው። የሰዋስው ሊቃውንት የግስ እርባታ ጉዳይ ነው ብለው ያልፉት ይሆናል። እኔ ግን ቀን ቀን በባንክ መስኮት ብር ስቆጥር የምውል፣ ማታ ማታ ደግሞ ቃል መቁጠር የሚወድ ሰው ነኝና በዚህች ቃል ውስጥ ረጅም ታሪክ ተጣጥፎ የተቀመጠ ይመስለኛል። በወረርሽኝ ዘመን በአስታማሚውና በታማሚው መካከል ያለው ርቀት ከሁለት ፊደል አይበልጥም።

በአገራችን ስለ ወረርሽኝ ሲወራ ቀድሞ የሚታወሰው የኅዳር በሽታ ነው። ዓለም «የስፔን ጉንፋን» ያለው ይህ ደዌ አዲስ አበባን ክፉኛ የመታት በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. ነበር፤ አውሮፓውያን የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ማብቂያ ደወል በደወሉበት በዚያው ወር መሆኑ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል፤ ኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በከተማይቱ ብቻ ከ10,000 የሚበልጥ ሰው እንዳለቀ ይናገራሉ። ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ ጥራጊ እየተሰበሰበ የሚታጠነው ጭስ እስከ ዛሬ ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ ይነሣል።

ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በ1910 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነውና በዚያን ጊዜ ገና ዐሥር ዓመት አልሞላውም። ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ እውነተኛው ሆስፒታል እያንዳንዱ ጎጆ ነበር። ነርሷ እናት ናት፤ ወይም እህት፣ ወይም ጎረቤት፣ ወይም ንስሐ ሊያናዝዝ የገባ ቄስ። ጉንፋኑ ደግሞ ተራ ጠብቆ አንድ አንዱን አይጥልም፤ ቤተሰቡን ባንድ ሌሊት ያጋድመዋል። ያን ጊዜ በብዙ የዓለም አገሮች እንደታየው፣ ሰው የሞተው በሳንባው ቁስል ብቻ አይደለም፤ ውሃ የሚያቀብለው፣ እሳት የሚያነድለት፣ አጥሚት የሚያሞቅለት ሰው አጥቶ ጭምር ነው። አስታማሚው ሲወድቅ፣ ሊድን ይችል የነበረው ታማሚም አብሮ ይወድቃል። ታሪክ የአልጋ ወራሹን መታመም መዝግቦ አቆየልን፤ በዚያ ሌሊት ውሃ ያቀበላቸውን ሰው ግን ስሙን አላቆየልንም።

ወደ እኛ አገር ወደ ጎጃም ልመለስ። በዚያ ዘመን ጎጃምን የሚያስተዳድሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፤ ደብረ ማርቆስም ዘመናዊ ሆስፒታል ገና አላየችም። የደጋው ሰው ሁልጊዜ የሚፈራው እንግዳ በሽታ ግን ጉንፋን አልነበረም፤ ተስቦ ነበር። ስሙ ራሱ «መሳብ» ከሚለው የወጣ ይመስለኛል፤ አንዱ ሌላውን እየሳበ የሚሄድ። የጮቄ ብርድ የሚወርድበት ሰው አንዲት ጋቢ ለብሶ ይውላል፣ እሷኑ ለብሶ ያድራል፤ የሌላት እናት ልጆቿን በአንድ ደበሎ ትሸፍናለች። ቅማል እንዲህ ያለ ቤት ይመቸዋል።

ቅማል ደግሞ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። የሰውን ሙቀት ይወዳል፤ የትኩሳትን ግለት ግን አይወድም። ሕመምተኛው ሲነድድ ወይም ሞቶ ሲቀዘቅዝ ትቶት ይወጣና በቅርብ ያለውን ጤነኛ ገላ ይፈልጋል። በቅርብ ያለው ማን ነው? ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ የምታብሰው፣ ከሞተ በኋላም ሬሳውን የምታጥበው ናት። አያቴ በልጅነታቸው ስላዩት የተስቦ ዓመት ሲያወጉኝ፣ «የሚያስታምም ሰው ነጠላውን ከደጅ ሰቅሎ፣ አጥኖ ነበር የሚገባ» ይሉኝ ነበር። ምክንያቱን የነገራቸው አልነበረም፤ ሰው ሲሞት እያዩ የተማሩት ነው።

አያቴ በደጃቸው ያዩትን ነገር አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም በሰሜን አፍሪካ፣ በቱኒስ ከተማ፣ በሆስፒታል በር ላይ አይቶት ነበር። ሻርል ኒኮል ይባላል። የተስቦ ሕመምተኞች በሆስፒታሉ ደጃፍ ተኮልኩለው እያሉ በሽታውን ለሌላ ያስተላልፋሉ፤ እነርሱን የሚቀበሉት፣ ልብሳቸውን የሚያወልቁትና የሚያጥቡት ሠራተኞችም ይታመማሉ። ታጥበው፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው ከተኙ በኋላ ግን ጎናቸው ለተኛው እንኳ አያጋቡም። ታዲያ በበሩና በአልጋው መካከል የቀረው ምንድን ነው? ልብሱና በልብሱ ውስጥ ያለው። ኒኮል በ1909 እ.ኤ.አ. የተስቦ አስተላላፊ ቅማል መሆኑን በሙከራ አረጋገጠ፤ በ1928ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ነገሩን የገለጡለት ግን በር ላይ ቆመው የታመሙት ልብስ አውላቂዎችና አጣቢዎች ናቸው፤ ለእነርሱ ሽልማት የሰጠ የለም። የበሽታው ተሕዋስ ሳይንሳዊ ስምም ቢሆን የመቃብር ላይ ጽሑፍ ይመስላል፤ «ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ» የተባለው ተስቦን ሲያጠኑ በተስቦ በሞቱት በሪኬትስና በፕሮዋዜክ ስም ነው።

ይህ ሁሉ የድሮ ወሬ ነው የሚለኝ አንባቢ ቢኖር ወደ ምዕራብ አፍሪካ ልውሰደው። በሴራሊዮን ኬነማ በምትባል ከተማ የላሳ ትኩሳት ሕክምናን ይመሩ የነበሩት ዶክተር አኒሩ ኮንቴ በ2004 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ መርፌ ወግቷቸው በዚያው በላሳ ሞቱ። በቦታቸው ወጣቱ ዶክተር ሼክ ኡመር ካን ተተኩ። ኢቦላ ሲመጣ እርሳቸው ሕመምተኞችን ሲያክሙ ቆይተው በሐምሌ 2006 ዓ.ም. በኢቦላ ሞቱ። አንድ ወንበር ሁለት ሐኪም በላ። በዚያ ወረርሽኝ ላይቤሪያ ከነበሯት ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች ከመቶው 8 ያህሉን፣ ሴራሊዮን ደግሞ 7 ያህሉን እንዳጡ የዓለም ባንክ ጥናት አስልቷል። እኔ በሙያዬ መቶኛ አላንስም፤ ይህ ቁጥር ግን ያስደነግጠኛል። ብዙ ያለው ከመቶ ስምንት ቢያጣ ያዝናል እንጂ ሱቁን አይዘጋም። ለአንድ ወረዳ ያለችው አንዲት አዋላጅ ስትሞት ግን ኢቦላ ያልነካት ነፍሰ ጡር በምጥ ትሞታለች፤ እሷን ደግሞ በኢቦላ ሟቾች መዝገብ ማንም አይጽፋትም። ይህን እያወቁ፣ በ2007 ዓ.ም. ከ180 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች በአፍሪካ ኅብረት ተልእኮ ወደዚያው አገር ተጓዙ። በጎ ፈቃደኞች ነበሩ።

ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። ኮሮና በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ ሳይወጣ በአማራ ክልል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሕመምተኞች በባሕር ዳርና በአዊዋ አዲስ ቅዳም ተገኙ። ከእኛ ብዙም የማይርቅ ቦታ ነው። ጓንትና ማስክ ከዓለም ገበያ የጠፋበት ጊዜ ነበር፤ ሀብታሞቹ አገሮች እንኳ እየተሻሙ ነበር። በሐምሌ ወር የዓለም ጤና ድርጅት በ40 የአፍሪካ አገሮች ከ10,000 የሚበልጡ የጤና ሠራተኞች በቫይረሱ መያዛቸውን አስታወቀ። ክትባት ወደ እኛ እስኪደርስ አንድ ዓመት ፈጀ፤ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለጤና ባለሙያዎች በቅድሚያ መሰጠት ተጀመረ።

በዚያ ዓመት፣ ክትባቱ ከመምጣቱ በፊት፣ ወር በገባ ቁጥር ወደ መስኮቴ የሚመጡ አንዲት ነርስ ነበሩ፤ በእናቴ ዕድሜ ናቸው። ሁላችንም «ሲስተር» እንላቸዋለን። ወረፋ ሲደርሳቸው ከኋላቸው ያለውን አሳልፈው እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ሰው ሁሉ ሄዶ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ብቻ ይቀርባሉ። በሰፈራቸው እንኳ ሰላምታ የሚነሷቸው እንዳሉ ሰምቼ ነበር፤ እኔም ብሆን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሲቀርቡ ወንበሬን ትንሽ ወደ ኋላ እስብ ነበር። አንድ ቀን እስክሪብቶ ሳቀብላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ተወው ልጄ፣ የራሴ አለኝ። ያንተን ሌላ ሰው ይይዘዋል።»

ከቦርሳቸው አውጥተው ፈረሙ። የጣቶቻቸው ቆዳ በበረኪና ተልጦ፣ መገጣጠሚያው ላይ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ፊርማው መዝገባችን ላይ ካለው ናሙና ጋር አልተመሳሰለም። ደንቡ ደንብ ነውና እንዲደግሙት ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም። እስክሪብቶውን በሌሎቹ ጣቶች መካከል አስተካክለው ያዙና ቀስ ብለው እንደገና ፈረሙ፤ በሦስተኛው ተመሳሰለ።