የአባቴ ቮልስና የጣሊያን ቃላት

እህቶቼ፣ ድሮ ታሪክ ሲባል የንጉሥና የጦርነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን ታሪክ የገባኝ ደሴ፣ ግቢያችን ጥግ በቆመች አሮጌ ቮልስ ሥር ተጋድሜ ነው።

የአስረኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ቤት ዋልኩ። አባቴ መካኒክ ነው። ቮልሷ የአያቴ ነበረች፤ ስንት ዓመት ዝናብ መቷት፣ ወለሏ ዝጎ፣ ዶሮ ያድርባት ነበር። «ከምትተክዢ ነይ አግዢኝ» አለኝ። ሞተሩን ልይ ብዬ የፊቱን ኮፋኖ ስከፍት ባዶ! አባቴ በሳቅ ፍርስ አለ። ለካ የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። የሚቀዘቅዘውም በነፋስ ነው እንጂ እንደ ሌላው መኪና የውኃ ራዲያተር የለውም።

ከዚያ የዕቃውን ስም አንድ በአንድ አስተማረኝ፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬቻ። ሁሉም ከጣሊያን የመጣ ቃል ነው። ካንዴላ በነሱ ቋንቋ ሻማም ማለት ነው፤ ፍሬቻ ፍላጻ ነው፤ ፓራፋንጎ ጭቃ የሚከላከል ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረራ ይዞ ሳለ ለጦሩ መኪና መንገድ ሠራ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስንሄድ የምናልፈው የጣርማ በር ዋሻም የዚያን ጊዜ ሥራ ነው። ጦሩ ሲሸነፍ አገራችን የቀሩ ጣሊያኖች ነበሩ፤ ጋራዥ የከፈቱም አሉ። አያቴ በልጅነቱ አዲስ አበባ ሄዶ ከአንዱ ዘንድ ዕቃ አጣቢ ሆኖ ገባ። ሞተር መንካት አይፈቀድለትም ነበር። «አምጣ» ሲባል ስሙን እየያዘ፣ ሲፈታ እያየ ለመደና መካኒክ ሆኖ ወጣ። እሱ አባቴን አስተማረ፣ አባቴ ደግሞ እኔን።

ቮልስም የራሷ ታሪክ አላት። ጀርመን ተወልዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ መሠራቷ እስኪቆም ከ21 ሚሊዮን በላይ ሆናለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ያወጣቸውም በቮልስ ነው። አባቴ «ንጉሥም እኛም የተሳፈርንባት» ይላታል።

ስምንት ወር ፈጀብን። ወለሏን በላሜራ ለጠፍን፣ ካርቡሬተሩን በቤንዚን አጠብን፣ አራቱንም ካንዴላ ቀየርን። ሞተሯ የተነሳ ቀን እናቴ እልል አለች።

ግን የጋራዡ ገቢ ለቤቱ አልበቃ አለ። በዓመቱ ቤሩት መጣሁ። እዚህ ማዳም ስታዝዘኝ እኔም እንደ አያቴ ቃል በጆሮዬ ለቀምኩ፦ መክንሴ፣ ጠንጀራ፣ ሸርሸፍ።

ባለፈው ሳምንት አባቴ ደወለ። ታናሽ እህቴ እኔ ጋ ልምጣ ብላለች፤ ለመንገዷ ቮልሷን ሊሸጣት ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደረ።

እህቶቼ፣ የምትሉኝን አውቃለሁ፤ አሮጌ መኪና እንጀራ አይሆንም። እኔም የምልከውን ብር አላቃልልም፤ ስንቱን ቀዳዳ ደፍኗል። ግን አያቴ ከሰው ቤት ይዞት የወጣው ሙያ ልጆቹንም የልጅ ልጆቹንም አብልቷል። እኔ ከዚህ ምን ይዤ እንደምወጣ ገና አላውቅም።

ጠዋት ደወልኩና «አባዬ፣ አትሽጣት። መጀመሪያ ካቻቢቴውን ስጣት። ከዚያ ልሂድ ካለች ራሷ ትወስን» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «የፍሬኑ ሸራ አልቋል፤ ነገ ከሷ ጋር እንፈታዋለን» አለኝ።

የሸራውን ብር በዚህ ወር እልካለሁ።