አልደፈርም ባይነት

አንድ ተማሪ በጠባብ ኮሪደር ሲያልፍ የፋይል መሳቢያ ከፍቶ የቆመ ሰው ያገኛል። ሰውየው መሳቢያውን በንዴት ይዘጋና ተማሪውን በትከሻው ገጭቶ፣ ጸያፍ ስድብ ወርውሮበት ወደ ክፍሉ ይገባል። ሰዳቢው የተመራማሪዎች ተባባሪ ነው፤ ተማሪው ግን ይህን አያውቅም።

ሙከራው የተካሄደው አሜሪካ ውስጥ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው። ዶቭ ኮኸን፣ ሪቻርድ ኒስቤትና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ተማሪዎቹ ሁሉም ነጭ ወንዶች ሲሆኑ ከፊሎቹ በሰሜን፣ ከፊሎቹ በደቡብ ግዛቶች ያደጉ ናቸው። ከሰሜን የመጡት አብዛኞቹ ስድቡን እንደ ቀልድ አለፉት። የደቡቦቹ ደም ፈላ። ምራቃቸው ሲመረመር ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በአማካይ 79 በመቶ ጨምሯል፤ በተሰደቡት የሰሜን ልጆች ላይ ጭማሪው 33 በመቶ ነበር።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ተማሪው ጥቂት እንደተራመደ አንድ ግዙፍ ሰው መሐል መንገዱን ይዞ ይመጣበታል። ለንጽጽር ሳይሰደብ ያለፈ የደቡብ ልጅ ገና 2.7 ሜትር ያህል ሲቀረው ዞር ብሎ ያሳልፋል፤ በዚህ ከሰሜኖቹም ይበልጥ ጨዋ ነው። የተሰደበው ግን በመካከላቸው አንድ ሜትር እንኳ እስኪጠፋ ድረስ መንገድ አይለቅም። ጨዋነቱም ቁጣውም የተቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ሰውን መንካት የሚያስከትለውን ስለሚያውቅ እሱም አይነካም።

ኒስቤትና ኮኸን ምክንያቱን ከከብት እርባታ ጋር ያያይዙታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከስኮትላንድ ድንበርና ከሰሜን አየርላንድ ፈልሰው ደቡቡን ካቀኑት ብዙዎቹ አርቢዎች ነበሩ። ከብት በአንድ ሌሊት ተነድቶ ይጠፋል፤ ዳኛው ሩቅ ነው። እንዲህ ባለ አገር ሰው በረቱን የሚያስጠብቀው በስሙ ነው። ትንሽ ስድብ ዝም ብሎ ያለፈ፣ ነገ ከብቱን ይወስዱበታል። በደቡብ ነጮች ዘንድ ከሰሜኖቹ በልጦ የተገኘው የነፍስ ግድያም በጠብና በንትርክ መነሻ የሚፈጸመው ነው፤ በዝርፊያ ላይ በሚፈጸመው ግን ያን መሰል ልዩነት አልታየም።

ተመራማሪዎቹ ለዚህ የሰጡት ስም ቃል በቃል ሲመለስ «የክብር ባህል» ይሆናል። ትርጉሙ ስህተት ባይሆንም አንባቢን ያሳስታል። ክብር ስንል ሽማግሌ ማክበርም፣ በዓል ማክበርም፣ ማዕረግም አለበት፤ ስድብና በቀል ወዲያው አይታወሱንም። ነገሩን በትክክል የያዘው «ደፈረ» የሚለው ግስ ነው። ወሰን የገፋ ደፈረ፤ በሰው ፊት የሰደበ ደፈረ። በዚህ ትርጉሙ «ተደፈርኩ» ያለ ሰው የሚያወራው ስለ ቁስሉ ሳይሆን ሰው ፊት ስለወደቀው ስሙ ነው። «አልሸነፍም ባይነት» እንደምንል ሁሉ «አልደፈርም ባይነት» ብንለው አንባቢ ያለ ግርጌ ማስታወሻ ይረዳዋል።

ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ደም መመለስ በደጋው ገበሬ ዘንድም የታወቀ ነው፤ በወሰን ድንጋይ የተጀመረ ጠብ ለልጅ ልጅ ተላልፏል። ይህ ገበሬ ዋና ኑሮው እርሻ እንጂ ከብት አርቢነት አይደለም። ስለዚህ የከብቱ ማብራሪያ ብቻውን አያሳምነኝም፤ የዳኛው መራቅ ይበልጥ ያሳምነኛል።

ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች የስምን ዋጋ ያውቁታል። በዳይ በአደባባይ ይቅርታ እንዲለምን፣ ካሳ እንዲከፍል ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ ተበዳዩ ፈሪ ሳይባል ይቅር ማለት ይችላል። በመጀመሪያ የሚጠገነው የተደፈረው ስም ነው። የሥነ ልቦና መማሪያ የምታዘጋጁ መምህራንና ተርጓሚዎች፣ ቃሉን በዚህ መልኩ እንድታስገቡት እጠይቃለሁ።